የልጆችን ማዮፒያ (ሩቁን አጥርቶ ያለማየት) ያዘገያል የሚባለው ልዩ የመነጽር ሌንስ ይሞከር ወይ? (መልስ)

አዎ፣ የ8 ዓመት ልጅሽ የመነጽር ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ ከሆነ መሞከሩ ያዋጣል። ግን ጭማሪውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ያለውንም ቁጥር አይቀንስም።

ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ለ2 ዓመት ተሞክሮ፣ ተራ መነጽር ካደረጉት አንጻር የማዮፒያው ጭማሪ በ52 በመቶ ያነሰ ሆኗል። ያ ሌንስ መሃሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዙሪያውን 400 ያህል ጥቃቅን ሌንሶች ከበውታል። ብርሃን ላይ ዘንበል አድርገሽ ስታዪው እንደ ማር እንጀራ ጉጥ ጉጥ ይላል። ሻጩ «ብሉ ከትም (ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰው መነጽር) ያው ነው» ካለሽ ያው አይደለም፣ ጥለሽው ውጪ።

ሳትገዢ በፊት የዓይን ሐኪም ጋ ይለካ። ጎንደር ከሆንሽ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ የዓይን ክፍል አለው። የዓይኑን ኳስ ርዝመት የሚለካ መሣሪያ ካገኘሽ እሱንም አስለኪ፤ ሌንሱ መሥራቱ በደንብ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ከ6 ወር በኋላ እዚያው ቦታ ይደገም። የልኬቱን ወረቀት እንዳትጥዪው።

እኔን ያቃጠለኝ ያለ ዓይን ጠብታ ማስለካቴ ነው። ልጄ አንድ መነጽር ቤት ያለ ጠብታ ተለክታ 1.75 ተባለች፣ ገዛንላት። ሌላ ቦታ ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ሲደረግላት 0.75 ብቻ ሆነ! ልጆች ሲለኩ ዓይናቸውን ስለሚያስጨንቁ ቁጥሩ ሊጋነን ይችላል። «ጠብታ ይደረግለት» በይ። ዓርብ ከሰዓት ውሰጂው፤ ለሰዓታት ፊደሉ ይደበዝዝበታል፣ ፀሐዩም አያስቆመውም። ኮፍያ ያዢለት።