የመቅደላን ዘመን በፊልም ለማሳየት

ጥያቄ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተመሠረቱ ታሪካዊ ፊልሞችን እወዳለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ስለ መቅደላ አጭር ፊልም ደሴ አካባቢ ልንቀርጽ አስበናልና፣ በተለይ ከምን እንድንጠነቀቅ ትመክሩናላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከአልባሳት በፊት መልክዓ ምድሩን ይመልከቱ። ዛሬ የደሴን ዙሪያ የሸፈነው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመሆኑ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሰዉ በወሎ ተራሮች ላይ አልነበረም፤ ከተዋናዩ ጀርባ አንድ እንኳ ብቅ ካለ የትዕይንቱ እውነተኛነት ይጠፋል። ስለዚህ ጽድና ወይራ ያለበትን ስፍራ ይፈልጉ። የቆርቆሮ ጣሪያም አይታይ።

ጦር መሣሪያው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይሻል። የእንግሊዝ ወታደሮች ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ሲመጡ፣ አብዛኛው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የነበረው ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ጦርና ጋሻ ነበር፤ ይህ ልዩነት መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ ብዙ ሕይወት ያስከፈለ ነውና፣ ባሩድ በአፈሙዝ የሚጠቀጥቁ እጆችን ካሜራው ቀረብ ብሎ ቢያሳይ ከረጅም ንግግር ይበልጣል ብለን እናምናለን። ለአልባሳቱ የዘመቻው ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው ምስሎች ይረዳሉ። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ደግሞ ዛሬም መቅደላ ላይ ስለሚገኝ፣ አምሳያውን ከመሥራታችሁ በፊት ሄዳችሁ ለኩት።