ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አንዳንዴ አይነሳም፦ ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የድሮ መኪናዬን ያየሁ መሰለኝ። ጠዋት ቁልፉን ስታዞረው ወዲያው ይነሳል። ስትነዳም ምንም የለውም። አንድ ቦታ 10 ደቂቃ አቁመህ ስትመለስ ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ እምቢ ይላል። ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ ስትሞክረው ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ እንዲህ ያደርግሃል። ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) እና የነዳጅ ፊልትሮ አስቀይረሃል፤ አሁን ደግሞ "የነዳጅ ፓምፑ ነው፣ ግዛ" ተብለሃል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልከው።

ለጊዜው ይቅርብህ። ፓምፑ ሊሆን አይችልም እያልኩህ አይደለም፤ ሊሆን ይችላል። ግን እስካሁን ማንም አላየውም። ሁሉም የገመተው መኪናው ደህና በሆነበት ሰዓት ነው።

እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። የኔዋም ቤንዚን ነበረች። መጀመሪያ ካንዴላ ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነች፣ "በቃ ተገኘ" አልኩ። ከዚያ ደገመችው። ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ኮይል ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ፓምፑን ከታንኩ አስወጥቼ አዲስ አስገባሁ። አዲሱ ፓምፕ ገብቶ ወር ሳይሞላው ሰው አሳፍሬ በወጣሁበት ቀን ቆመች። አሮጌው ፓምፕ ዛሬም ዕቃ ቤት ተቀምጧል፣ ምንም የለበትም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽት ክፉ ጠባይ አለው፦ ምንም ብትቀይር ለጥቂት ቀን የዳነ ይመስልሃል። ባትነካውም ኖሮ እነዚያን ቀናት ይነሳ ነበር እኮ።

ስለዚህ ይህን ብልሽት እጅ ከፍንጅ ነው መያዝ ያለብህ። እምቢ ባለበት በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ። ሰው ሁሉ ያንን ጊዜ በመናደድ ያሳልፈዋል፤ ደግሞ ኮፈኖ ሲከፈት አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንተ ግን አትናደድ፣ ደስ ይበልህ። የምትፈልገው ሰዓት እሱ ነው።

እምቢ ሲልህ ከመቀመጫህ ሳትነሳ የምታያቸው ነገሮች አሉ። ቁልፉን ዝጋና እንደገና "ኦን" ላይ ብቻ አድርገው፣ ሞተሪኖውን አታስነካው። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ይበራል? ካልበራ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ለሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ አልደረሰም ማለት ነው። ያኔ ስለ ካንዴላና ፓምፕ ማውራት ትርፉ ድካም ነው፤ ዋናውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው)፣ ፊውዙን ወይም የቁልፉን ማብሪያ ነው የምትፈልገው። የቁልፍ ምስል ያለበት ወይም የመኪና ቅርጽ ያለበት መብራት በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም የስርቆት መከላከያው፣ ቁልፍህን አላወቀውም። ብዙ መኪኖች በዚህ ጊዜ ሞተሪኖውን አይከለክሉም፤ ነዳጁን ወይም እሳቱን ነው የሚከለክሉት። አንዳንዱ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ተነስቶ ይጠፋል። ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክር። አንድ ቀለበት ላይ የሌላ መኪና ቁልፍ አብሮ ካለም አውጣው፣ ቁልፎቹ ውስጥ ያሉት ቺፖች ይረባበሻሉ።

ቀጥሎ ጆሮህን ወደ ኋላ ወንበር አድርግ። ሬዲዮና ፋን ዝጋ። ቁልፉ "ኦን" ሲሆን በብዙ የቤንዚን መኪኖች ፓምፑ ለሁለት ሴኮንድ ያህል "እዝዝ" ብሎ ዝም ይላል። ይህን ድምፅ ደህና በሆነ ቀን አስቀድመህ ልመደው፣ አለበለዚያ በችግሩ ቀን ምን እንደጎደለ አታውቅም። አንዳንድ መኪና ሞተሩ መዞር እስኪጀምር ፓምፑን አያስነሳም፤ ልማዱን ማወቅ ያለብህ ለዚህም ነው።

ከዚያ ሞተሪኖውን ለአምስት ሴኮንድ ያህል አዙረው፣ ዓይንህ ግን የአር ፒ ኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ጠቋሚው ላይ ይሁን። በብዙ መኪኖች ሞተሪኖው ሲያዞር ጠቋሚው ትንሽ ከፍ ይላል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬህን ክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ላይ አድርግ። አንዳንድ ዳሽቦርድ በዚህ ሰዓት ጠቋሚውን ስለማያንቀሳቅሰው፣ ርካሽ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተህ የቀጥታ ንባቡን ብታይ የበለጠ ታምነዋለህ። ጤነኛ ከሆነ ከ150 እስከ 300 አካባቢ ያሳይሃል። ሞተሩ እየዞረ ዜሮ ካሳየህ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አላወቀም። ካላወቀ ነዳጅም አይረጭ፣ እሳትም አይሰጥ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያንተ ምልክት ይህንን ነው የሚመስለኝ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳል፣ ሞቆ ሲቆም እምቢ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። "ሙቀት ከሆነ ለምን እየነዳሁ አይጠፋብኝም?" ትል ይሆናል። እየነዳህ ውኃው ይዞራል፣ ነፋስ ይገባል። ሞተሩን ስታጠፋ ሁለቱም ይቆማሉ፣ በብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ውጭ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ካጠፋህ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ኮፈኖው ሥር ያለው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ዓይነት ክራንክ ሴንሰር ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ሲያረጅ አንድ ቦታ ይሰነጠቃል። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ነገሩ እየባሰ ሲሄድ እየነዱም ያጠፋል፤ ስለዚህ ብዙ አታቆየው።

የኔዋን ያገኘኋት እንዲህ ነው። ስካነሩ ዜሮ አሳየኝ። ኮፈኖውን ከፍቼ ሴንሰሩን ፈለግሁት፤ ከታች፣ የሞተሩና የካምቢዮው መጋጠሚያ አጠገብ፣ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ፣ ዘይትና አቧራ የጋገረባት። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ ጠቀለልኩባት። ሦስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ቁልፉን ሳዞር በአንዴ ተነሳች። ጨርቁን አንስቼ አጠፋሁ፣ እዚያው እንድትሞቅ ተውኳት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞከርኩ፤ እምቢ። ጨርቁን መለስኩ፤ ተነሳች። ያን ዕለት ነው ለወራት የቀያየርኩት ዕቃ ሁሉ ያንገበገበኝ።

ይህን ስትሞክር ውኃ አትድፋ፣ ጨርቅ ይበቃል። የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ውኃ ከፈሰሰ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ እጅህንም ከፋንና ከቺንጋ (ከሚዞረው ቀበቶ) አርቅ፣ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተር ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል። "በቴስተር ለክተነዋል፣ ኦሙ (የሽቦው መቋቋም) ደህና ነው" ካሉህ ደግሞ መቼ እንደለኩት ጠይቅ። ቀዝቅዞ የተለካ ሴንሰር ምስክር አይሆንም። ኮምፒውተሩ የብልሽት ኮድ አልያዘም ማለትም ሴንሰሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የክራንክ ሴንሰር ኮድ በተለምዶ ፒ0335 ነው፤ ግን ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቆሟል ብሎ ስለሚያስብ ብዙ ጊዜ ምንም አይመዘግብም። ሴንሰሩን ከመቀየርህ በፊት ኮኔክተሩን ነቅለህ እይ። አረንጓዴ ዝገት፣ ዘይት የገባበት ወይም የላላ ፒን ካለ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

አር ፒ ኤሙ ከታየ ግን የፓምፑ ድምፅ ከሌለስ? አሁንም ወደ ፓምፑ አትሩጥ። መጀመሪያ ሪሌውን። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ሥዕሉ አለ። ቁጥሩና እግሩ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ የጡሩምባውን፣ ነቅለህ ቀይረው። ከተነሳ በነፃ ተገላገልክ። ሪሌም ሲያረጅ የውስጥ ብየዳው ይሰነጠቅና ልክ እንደ ሴንሰሩ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ስለዚህ ምልክቱ ሊያሳስትህ ይችላል። ሪሌው ደህና ከሆነ አንድ ሰው ቁልፉን እያዞረ አንተ ታንኩን ከታች በቡጢህ ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታው። በዚህ ከተነሳ፣ አዎ፣ ፓምፑ አልቋል። ያኔ ግዛ።

ፓምፑ እየጮኸም ግፊት ላይሰጥ ይችላል። ድምፅ የሚነግርህ መዞሩን ብቻ ነው። ይህን የሚፈርደው የግፊት ጌጅ ነው፤ በተለመደው የቤንዚን ኢንጀክሽን ከ2.5 እስከ 4 ባር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛውን የመኪናህ መመሪያ ይነግርሃል። ናፍጣ ከሆነ ወይም ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ከሆነ ግን መስመሩን ራስህ አትፍታ፣ ግፊቱ አደገኛ ነው። ጌጅ ከሌለህ አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ቁልፉን ሦስት ጊዜ "ኦን" እና "ኦፍ" አድርግና በአራተኛው አስነሳ። ሁልጊዜ በዚህ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግፊቱ ቆሞ ሳለ እየወረደ ነው፤ ነዳጁ ወደ ታንኩ እንዳይመለስ የሚይዘው የፓምፑ ቫልቭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ሊሆን ይችላል።

የቤንዚን ሽታ ከሸተተህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ነዳጅ በዝቶበታል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠህ አዙረው፤ ብዙ ኢንጀክሽን መኪና በዚህ ጊዜ መርጨት ያቆማል። ከተነሳ የሞተር ሙቀት ሴንሰሩን በስካነር ተመልከት። ሞተሩ እየነደደ ከዜሮ በታች 40 ካነበበ መስመሩ ተቆርጧል፣ ኮምፒውተሩም በረዶ ውስጥ ያለ መስሎት ነዳጅ ይደፋበታል።

ሌላ አንድ ሁለት ነገር። ሞተሩ ቁልፉን ለቀቅ ስታደርገው ብቻ "ህም" ብሎ ሊነሳ የሚሞክር ከሆነ የቁልፉን ማብሪያ ጠርጥር፤ ሲያዞር እሳቱን እየቆረጠው ነው። ባትሪውን "ያዞራል እኮ" ብለህ አትለፈው፣ ሲያዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ሞተሪኖው ቢዞርም ኮምፒውተሩ ሊደነዝዝ ይችላል። የሞተሩን ቫልቮች ጊዜ የሚጠብቀው ካቴና (ሰንሰለት) ወይም ቺንጋ ዘለለ የሚሉህን አትስማ፤ የዘለለ ነገር ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ወደ ቦታው አይመለስም። እሳት ለማየትም የካንዴላ ሽቦ በእጅ አትያዝ፣ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ መሞከሪያ አምፖሉን ተጠቀም። ሞተሪኖውን ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ አታዙረው፤ ሳታሳርፈው ደጋግመህ ካዞርከው እሱንም ታቃጥለዋለህ።

አሁን ስካነር ፈልግና አንድ ጨርቅና ውኃ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ። ቀጥሎ እምቢ ሲልህ መብራቱ በርቶ እንደነበር፣ ፓምፑ ተሰምቶህ እንደነበር፣ አር ፒ ኤሙ ስንት እንዳሳየ እዚያው ስልክህ ላይ ጻፈውና ላክልን። የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመትም ጨምር፣ ሴንሰሩ የተቀመጠበትን ቦታ አብረን እንፈልገዋለን።