ጥያቄና መልስ፦ ከበሩ ውጭ የተሰቀለው ማሽን

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በካርድ፣ በአሻራ ወይም በኮድ ስለሚከፈት በር ናቸው። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ብዙ ቢሮ ይህን ዕቃ አስገጥሟል። ማሽኑ በሩን ይጠብቃል፤ ማሽኑን ራሱን ማን እንደሚጠብቀው ግን ብዙዎቻችን አናስብም። አምስቱን ጥያቄዎች እነሆ።

«ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ስገባ የአሻራ ማሽኑ ከግድግዳው ተላቅቆ በሽቦው ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ከሥሩ ያለው ብሎን የለም። የጠፋ ዕቃ ግን የለም። ዘበኛው ‹ሰው ገፍቶት ይሆናል› አለኝ። መልሼ ልስቀለው?»

አይስቀሉት፣ ትንሽ ይቆዩ። ሰው ስለገፋው ብሎን አይፈታም። እንዳለ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ከጀርባው ያሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይዩ። ፕላስቲኩ የተላጠ፣ አዲስ የተቀጠለ ወይም እርስዎ የማያውቁት ነገር የተያያዘበት ካለ ሳይነኩ ባለሙያ ይጥሩ። ቀጥሎ ሜኑው ውስጥ ይግቡና የተመዘገቡትን ሰዎች ይቁጠሩ። ስድስት ሠራተኛ እያለዎት ሰባት ስም ካገኙ ነገሩ ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ማሽኖች አድሚን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስተዳድር ሰው፣ እስኪመዘገብባቸው ድረስ ሜኑውን ለነካ ሁሉ ክፍት ናቸው። የገጠመልዎት ሰው ይህን ሳይነግርዎት ሄዶ ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአገጣጠሙ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ማሽን አሻራውን የሚያነበውም በሩን የሚከፍተውም ራሱ ነው። የቁልፉ ሽቦ ግድግዳውን በስቶ ወጥቶ ከውጭ እሱ ጀርባ ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ማሽኑን ያላቀቀ ሰው አሻራ አያስፈልገውም፤ የበሩ ሽቦ እጁ ገብቷል። ከውጭ ያለው ዕቃ ማንበብ ብቻ ነው ሥራው መሆን ያለበት። የሚወስነውና የቁልፉን ሽቦ የሚይዘው ከውስጥ ይሁን። ለዚህ ኮንትሮለር ቦርድ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ከበሩ ወዲህ ይገጠማል። ወጪው ከከበደዎት፣ ለብዙ ማሽኖች ሴኪዩሪቲ ሪሌይ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። እሱ ከውስጥ ተቀምጦ በሩን የሚከፍተው ከማሽኑ ትክክለኛው ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ሽቦ ማነካካት ብቻውን አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ ማሽኖች ከግድግዳ ሲላቀቁ ማንቂያ የሚያስጮህ ማብሪያ ከጀርባቸው አላቸው፤ ታምፐር ይባላል። ሄጄ ሳይ ብዙ ጊዜ ሽቦው ከምንም ሳይገናኝ በስኮች ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። ያስገናኙት። ብሎኑንም በተራ ካቻቪቴ በማይፈታ ይቀይሩት።

«ስታዲየም አካባቢ ቢሯችን በአራት ቁጥር ኮድ ይከፈታል። ከገጠምነው ሦስት ዓመታችን ነው። ኮዱን መቀየር ግድ ነው?»

ግድ ነው። ቁልፎቹን በስልክ መብራት ከጎን አብርተው ይዩዋቸው። አራቱ ከሌሎቹ ይልቅ ወዝ ይዘው ካብለጨለጩ ወይም ቁጥራቸው ከተፋቀ፣ የሚሞክር ሰው የቀረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፤ እሱም 24 ዓይነት ብቻ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ባለ ቁጥር ቀይሩት። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ ኮድ ቢሰጥማ ይመረጣል።

«ለገሃር ነው የምንሠራው። በማግኔት የሚዘጋው በራችን ላዩ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል፤ ጠንከር አድርገው ሲስቡት ግን ይከፈታል። ማግኔቱ ደክሞ ነው?»

ማግኔት እንዲህ በዋዛ አይደክምም። መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን የብረት ሳህን በእጅዎ ይዳስሱት። ባለፈው ዓመት ቸርችል ጎዳና አንድ ቢሮ በዚሁ ችግር ተጠርቼ ነበር። ሳህኑ ላይ ሦስት ጊዜ የታጠፈ ቡናማ ስኮች ተለጥፎ አገኘሁ። ጠርዙ በጥፍር ተነካክቶ ጠቁሯል፤ በየቀኑ ሲላጥና ሲለጠፍ የኖረ ነው። 280 ኪሎ ይይዛል የሚባለው ማግኔት ያን ያህል የሚይዘው ብረት ከብረት ገጥሞ ሲተኛ ነው። መሀል የገባ ስስ ነገር እንኳ ኃይሉን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ለጣፊው ሌባ አልነበረም። ለዘጠኝ ሠራተኛ የተሰጠው ካርድ ሁለት ብቻ ስለነበር፣ ልጆቹ ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ውጭ እንዳይቀሩ ያደረጉት ነው። አለቃቸው ሊቀጣቸው ፈለገ፤ እኔ ሰባት ካርድ ይጨመር አልኩት። እናንተም ዘንድ ስኮች ከተገኘ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ለምን እንደተለጠፈ ጠይቁ። ሳህኑ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ሳህኑ ተዛንፎ ወይም ብሎኑ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ሳህኑ ትንሽ መወዛወዝ አለበት።

«መርካቶ መጋዘን አለኝ። መብራት ሲጠፋ በሩ በራሱ ይለቃል። ምን ይሻላል?»

ማግኔት ሥራው እንዲህ ነው፤ መብራት ከሌለ አይዝም። ባትሪ ያስፈልግዎታል። የተለመደው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ግማሽ አምፒር ለሚወስድ ማግኔት በወረቀት ላይ 14 ሰዓት ይሆናል። ማሽኑም ስለሚካፈለውና ባትሪውም ስለሚያረጅ ግን ያንን ያህል አይጠብቁ። በዓመት አንዴ መብራቱን ራስዎ አጥፍተው በሰዓት ይለኩት። ለመጋዘን ግን መብራት ሲጠፋ ከውጭ እንደተቆለፈ የሚቀር፣ ከውስጥ ደግሞ በእጀታ የሚከፈት ቁልፍ ይሻላል ባይ ነኝ። የእጀታውን ነገር አደራ! እሳት ቢነሳ ውስጥ ያለ ሰው ካርድም መብራትም ሳይፈልግ መውጣት አለበት።

«ሜክሲኮ አንድ ልጅ የቢሮ ካርዴን በደቂቃ ቀድቶ ሰጠኝ። ደነገጥኩ። ሁሉም ካርድ እንዲህ ነው?»

ሁሉም አይደለም፣ እህቴ። በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራው አሮጌው ካርድ ቁጥሩን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። በ13.56 ሜጋኸርዝ ከሚሠሩት ውስጥ ማይፌር ክላሲክ የሚባለውን ደግሞ የኔዘርላንድ ራድቦድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ምስጢሩን ፈትተውታል። ዴስፋየር ኢቪ2 ወይም ኢቪ3 የሚባለው ካርድ ይሻላል። ሲገዙ ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ማሽኑ የሚያነበው የካርዱን መለያ ቁጥር ብቻ ነው ወይስ የተመሰጠረውን ክፍል? መለያ ቁጥሩን ብቻ ከሆነ ውድ ካርድ የገዙት በከንቱ ነው። ከማሽኑ ወደ ውስጥ የሚሄደው ሽቦም እንዲሁ ነው። ዊጋንድ የሚባለው የቆየው አሠራር ቁጥሩን ሳይመሰጥር ይልከዋል። ኦኤስዲፒ የሚባለው አዲሱ ግን መመስጠር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ምስጠራው እንዲበራ ገጣሚውን ይጠይቁት፤ ሳይበራ የሚተውበት ጊዜ አለ። ያቺን የተቀዳች ካርድ ደግሞ ዛሬውኑ ለቢሮው አስረክበው ቁጥሩን ያሰርዙ። ቀጂው ዘንድ ሌላ ቅጂ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።