ታይታኖቹ ለምን ያስፈራሉ? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ «አታክ ኦን ታይታን»

ጥያቄ፦ ደም የበዛባቸው አኒሜዎች (የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞች) ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም እንቅልፍ አልነሳኝም። «አታክ ኦን ታይታን» ግን ገና ከክፍል 1 ጀምሮ ጭንቅ ለቀቀብኝ። ምኑ ነው የተለየው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደሙ አይደለም። ይህ አኒሜ ፍርሃትን ለክቶና ቆጥሮ ያቀርባል። ሰዎቹ ከታይታኖቹ፣ ማለትም ሰው ከሚበሉት ግዙፍ ፍጡራን፣ የተጠለሉበት ግንብ ከፍታው 50 ሜትር መሆኑ አስቀድሞ ይነገርዎታል። ከዚያ ቆዳ የሌለው ግዙፍ እጅ የግንቡን ጫፍ ጨብጦ ይታያል፤ ከእንፋሎቱ መሀልም ፊት ብቅ ይላል። ማንም ምንም ሳይልዎ ራስዎ አስልተው ይደነግጣሉ። የፍጡሩ ቁመት 60 ሜትር ነው።

ታይታን የሚሞተው ማጅራቱ ላይ ያለች 1 ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቦታ ተቆርጣ ስትወጣ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ እንኳ ቢፈርስ በአንድ ሁለት ደቂቃ መልሶ ይበቅላል። ወታደሩ እዚያ ድረስ የሚወጣው ከወገቡ በሚወነጨፉ ባለ መንጠቆ ሽቦዎችና በጋዝ ግፊት ነው። ስለዚህ መንጠቆው የሚይዘው ዛፍ ወይም ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ መሣሪያው ብዙም አይረዳውም። ጋዙ ያልቃል። ስለቱ ይዶለዱማል፣ ይሰበራል፤ መለዋወጫው ግራና ቀኝ በተንጠለጠሉት ሰገባዎች ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እያንዳንዱን ውጊያ «ስንት ቀረው?» እያሉ የሚያዩት ለዚህ ነው።

ትሮስት በተባለው የከተማ ክፍል የሚደረገውን ውጊያ ልብ ብለው ይመልከቱ። ወታደሮቹ ጋዝ ጨርሰው ጣሪያ ላይ ቀርተዋል፤ ጋዙ ደግሞ ታይታኖች በገቡበት ሕንፃ ውስጥ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚደርሱ 7 ታይታኖች አሉ። ዕቅዱ ይህ ነው፦ በአሳንሰር የሚወርዱ ተኳሾች ዓይናቸውን ያጠፋሉ፣ በዚያው ቅጽበት ጣሪያው ሥር የተደበቁ 7 ወታደሮች ማጅራታቸው ላይ ይዘላሉ። ሰባት ለሰባት፤ ትርፍ ሰው የለም። ሁለቱ ይስታሉ። ያን ጊዜ የሚሰማዎት ድንጋጤ ከጩኸት ሳይሆን ከቁጥሩ የመጣ ነው፣ የእኔ ግምት።

ሌላው ፊታቸው ነው። ደራሲው ሃጂሜ ኢሳያማ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ሲሠራ አንድ የሰከረ ደንበኛ አንገትጌውን እንደያዘውና ሊግባቡት ከማይቻል ሰው ጋር ፊት ለፊት መቆም ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያኔ እንደገባው ተናግሯል። ታይታኖቹም ሰው ይመስላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ግን አይሰሙም። ምግብ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ የዋጡትን ሰው መልሰው ይተፉታል። ርቦት የሚበላ አውሬ ቢሆን ምክንያቱ ይገባን ነበር። በክፍል 1 መጨረሻ ሃኔስ የተባለው ወታደር የዋናውን ገጸ ባሕርይ የኤረንን እናት ሊያድን ስለቱን ይዞ ይሮጣል፤ ቀና ብሎ ያንን ፈገግታ ሲያይ እግሩ ይከዳዋል። ስለቱን መልሶ ልጆቹን ይሸከምና ይሸሻል። አኒሜው አይፈርድበትም፤ እኛም መፍረድ ያቅተናል።

ጥያቄ፦ «የመጨረሻው ሲዝን» የሚል ስም ያላቸው ብዙ ናቸው። በምን ቅደም ተከተል ልያቸው? (አንባቢት፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ሲዝን 1 (እ.ኤ.አ. 2013) 25 ክፍል፣ ሲዝን 2 (2017) 12 ክፍል፣ ሲዝን 3 (2018 እና 2019) 12 እና 10 ክፍል፣ የመጨረሻው ሲዝን 16 እና 12 ክፍል፤ በድምሩ 87። ከዚያ በ2023 በማርችና በኖቬምበር የወጡት ሁለት ረጃጅም ልዩ ክፍሎች ይከተላሉ። አንዳንድ ቦታ ሁለቱን ለ7 ስለሚከፍሏቸው ቁጥሩ 94 ይደርሳል፤ የተጨመረ ታሪክ የለም። ሲዝኖቹን አሳጥረው የሚደግሙትን ፊልሞች ይዝለሏቸው።

ሁለት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። የሲዝን 1 የመጨረሻ ክፍል የስም ዝርዝሩ ካለፈ በኋላም ስለሚቀጥል አይዝጉት። በሲዝን 2 ክፍል 6 ላይ ደግሞ ትልቁ ምሥጢር በተራ ወሬ መሀል፣ ካሜራው ሳይቀርብና ሙዚቃው ሳይነሳ ይነገራል። ስልክ እየነካኩ ካዩት ያመልጥዎታል። የገጸ ባሕርያቱንም ስም ዩቲዩብ ላይ አይፈልጉ፤ ከነምስሉ የሚመጣው ርዕስ ብቻውን መጨረሻውን ይነግርዎታል።

የመጨረሻው ሲዝን በማያውቁት አገርና በማያውቋቸው ሰዎች ሲጀምር የተሳሳተ ፋይል የከፈቱ እንዳይመስልዎ። ሥራው ከዊት ስቱዲዮ ወደ ማፓ ስለተዛወረ አሳሳሉም ይለያል፤ ሁለት ሦስት ክፍል ሲያልፍ ዓይን ይለምደዋል። ከሁሉም የሚልቀው ግን የሲዝን 3 ሁለተኛው አጋማሽ ነው። ለዓመታት የተጠየቀው ሁሉ በእነዚያ 10 ክፍሎች መልስ ያገኛል፤ መልሱም ክፍል 1ን መልሰው እንዲያዩት ያስገድድዎታል።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ጓደኞቼ ሁሉ አይተውታል ይለኛል። ልፍቀድለት? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይፍቀዱለት። ለልጅ የሚሆን አይደለም፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንመክረውም። እናት በልጇ ዓይን ፊት ትበላለች፣ ያውም ገና በክፍል 1። የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ይዩዋቸው፤ ለምን እንደከለከሉት ለልጅዎ ለማስረዳትም ይቀልዎታል።