ፓይተንን ከፖስትግሬስ ጋር ለምታገናኙ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የፓይተን ፕሮግራምን ፖስትግሬስ ከተባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ጋር ማገናኘቱ ራሱ ቀላል ነው። ሳይኮፒጂ የተባለውን ላይብረሪ ትጭናላችሁ፤ የሰርቨሩን አድራሻ፣ 5432 የሚለውን የፖርት ቁጥር፣ የዳታቤዙን ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ትሰጡታላችሁ፤ ይገናኛል። የይለፍ ቃሉን ኮዱ ውስጥ እንዳትጽፉት ሌሎች ስለነገሯችሁ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ከተገናኘ በኋላ ያለው ነው። ለሥራ የሚያመለክቱ ወጣቶችን ስጠይቅ ጸጥታ የሚሰፍነው እዚያ ላይ ነውና።

ሳይኮፒጂ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ስትልኩ ሳያማክራችሁ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሻሩ ትእዛዞች ጥቅል) ይከፍታል። ኮሚት እስካላደረጋችሁ፣ ማለትም «ለውጡ ይጽና» እስካላላችሁ ድረስ ያስገባችሁት መረጃ በዚያው ግንኙነት ላይ ብቻ ይታያል፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ይህን እንደ ጣጣ ቆጥረው አውቶኮሚትን (እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው የሚያጸናውን አሠራር) አብርተው የሚገላገሉ አሉ። አትቸኩሉ። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከወይዘሮ አልማዝ ሒሳብ 2,000 ብር ቀንሶ ለአቶ ከበደ ሊያስተላልፍ ነው እንበል። መቀነሱ አንድ ትእዛዝ፣ መጨመሩ ሌላ ትእዛዝ ነው። በሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋ (በእኛ አገር «ቢጠፋ» ማለት ይሉኝታ ነው) አውቶኮሚት በበራበት ፕሮግራም ብሩ ከወይዘሮዋ ወጥቶ አቶ ከበደ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን ካሰራችኋቸው ግን ሰርቨሩ ሲነሣ የለውጥ መዝገቡን አንብቦ ኮሚት የተደረገውን ያጸናል፤ ያልተደረገው እንዳልነበረ ይሆናል። ከ1986 ጀምሮ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም ከብዙ አገር በተሰባሰቡ ፈቃደኞች የተለፋበትን ይህን ጥበቃ በነጻ አግኝታችሁ ስታጠፉት ያናድደኛል።

ከተጠቃሚ የመጣን ጽሑፍ በመደመር ምልክት ከትእዛዙ ጋር አትቀጥሉ። «የእኛን ትንሽ ሲስተም የትኛው መረጃ መንታፊ ይፈልገዋል» ትሉኛላችሁ። መንታፊ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ሰዓዳ የተባለች ደንበኛ ስሟን በላቲን ፊደል ስትጽፍ መሐሉ ላይ ነጠላ የጥቅስ ምልክት ብታስገባ፣ ለዳታቤዙ ጽሑፉ እዚያ ላይ አበቃ፤ ትእዛዙም ተበላሸ። ቦታውን በፐርሰንትና በኤስ (%s) ያዙ፤ የሚገባበትን ዋጋ ለብቻው ላኩ። ዋጋው ቁጥርም ቢሆን ምልክቱ ያው ኤስ ነው፤ በጥቅስም አይከበብም። የምትልኩት ዋጋ አንድ ብቻ ከሆነ በቅንፉ ውስጥ ከዋጋው ቀጥሎ ኮማ አስገቡ። ያቺ ኮማ ስንቱን ጀማሪ እንቅልፍ ነስታዋለች!

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ያስነሣል፤ ካልተቀየረ በቀር የሚፈቅደውም 100 ግንኙነት ነው። በላፕቶፓችሁ ላይ ብቻችሁን ስትሞክሩ ይህ አይታያችሁም። ደንበኛ ሲበዛና ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት እየከፈተ ሳይዘጋ ሲሄድ፣ ሰርቨሩ «ቦታ የለኝም» ይላል። ያን ጊዜ ቁጥሩን ወደ 1,000 ከፍ ማድረግ የሰነፍ መፍትሔ ነው፤ ጥቂት ግንኙነቶችን ከፍቶ በየተራ የሚያውስ ፑል አዘጋጁ። በሳይኮፒጂ 2 «ዊዝ» (with) የሚለው የፓይተን ብሎክ ሲያልቅ ኮሚት ያደርጋል እንጂ ግንኙነቱን አይዘጋም፤ በ3ኛው ግን ይዘጋል። ያገኛችሁት ምሳሌ ለየትኛው እንደተጻፈ ሳታዩ አትቅዱ።

ሲስተሙ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ከመገመት ፒጂ ስታት አክቲቪቲ (pg_stat_activity) የተባለውን ቪው፣ ማለትም እንደ ሠንጠረዥ የሚነበብ ዝግጁ እይታ፣ ጠይቁ። ማን እንደተገናኘ፣ ምን ትእዛዝ እንደላከ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆየ ያሳያችኋል። «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚል ካያችሁ፣ ትራንዛክሽን ከፍቶ የተኛ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ተኝቶም አያርፍም፤ ሌሎች መረጃውን እንዳይለውጡ የያዘውን ቁልፍ አይለቅም፤ ዳታቤዙ የሞቱ (የተሰረዙ ወይም በአዲስ የተተኩ) ረድፎችን እንዳይጠርግም ያግዳል።

ከውጭ የተቀዳ ኮድ የማይነግራችሁ የራሳችን ጉዳይም አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጡ፤ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣችሁበትን ቅጂ በሌላ ዓምድ ይዛችሁ ፍለጋውን በዚያ ላይ አካሂዱ። የባለቤቱን ስም «ለማስተካከል» ግን ማንም አልሾማችሁም።

ቀኑ ይብሳል። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን በወር ቁጥሩ 2 ብላችሁ ወደ ቀን ዓምድ ብትልኩት ፖስትግሬስ አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። ደግ አደረገ፤ ስህተቱ ታየ። ጥቅምት 29ን ግን ይቀበላል፤ በፈረንጆቹ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነበረው። የተሳሳተው ቀን ከትክክለኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ ወለድ ሲታሰብም አብሮ ይታሰባል። ስለዚህ ወደ ዳታቤዙ የሚገባው ሁልጊዜ የጎርጎርዮሳዊው ቀን ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለሰው ሲታይ ነው። መለወጫውን ስትፈትኑት ጳጉሜን 6ን አትዝለሉ።