መልስ፦ የአስከሬን መርማሪዋ የሞቱን ሰዓት በትክክል መናገር ትችላለች?

እህቴ፣ የልብ ወለድሽ ዋና ገጸ ባሕርይ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ናትና «ሟቹ የሞተው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15 ነው» ልትል ትችል እንደሆነ ጠይቀሻል። አትችልም። ደቂቃ ቆርጣ ከተናገረች ሙያውን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይዘጋዋል። «ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ» ትበል፤ ለታሪክሽም የሚጠቅመው ይኸው ክፍተት ነው፣ ተጠርጣሪው የሚደበቅበት እዚያ ውስጥ ነው።

ቤት ውስጥ ያለ አስከሬን በሰዓት በግምት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ብዙም ላይወርድ ይችላል። ውፍረት፣ ብርድ ልብስ፣ ነፋስ ሁሉም ሒሳቡን ያዛቡታል። የጡንቻዎቹ መድረቅ (መገተር) ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ መንጋጋና አንገት ላይ ይታወቃል፤ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካሉን ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል። ብርድ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል።

ለድርሰት ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ደም ወደ ታች ወርዶ ቆዳ ላይ የሚያሳየው ወይን ጠጅ ቀለም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በአውራ ጣት ሲጫኑት ይነጣል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ካለፈው በኋላ ግን ቢጫኑትም አይለወጥም። አስከሬኑ በጀርባው ተንጋሎ ተገኝቶ ቀለሙ ደረቱ ላይ ከረጋ፣ ከሰዓታት በኋላ ሰው አገላብጦታል ማለት ነው። ወለሉ ወይም ጠባብ ቀበቶ የተጫነው ቦታ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አውራ ጣቷን ስትጫን የሚያሳየውን ትዕይንት ሳትቸኩዪ ጻፊው።

ጨጓራ ውስጥ የተገኘ ምግብን ብቻውን የሰዓት ማስረጃ አታድርጊው፤ ድንጋጤና ሕመም መፈጨቱን ያዘገዩታል።