በራሱ መታሰቢያ ላይ የደረሰ ምስክር

ውድ ወጣቶች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ሥራ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ስለ ፊልም ልምከራችሁ ብል ትስቁ ይሆናል፤ ልጆቼም ይስቃሉ። ይሁን እንጂ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞችን ከጥንት ጀምሮ የማያቸው በሕግ ሰው ዓይን ነው። መንኮራኩሩንና ጨረሩን ትቼ፣ በታሪኩ ውስጥ ማን እንደሚታመን፣ ምን ያህል ማስረጃ እንደሚበቃ፣ የማስረዳት ሸክሙም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ እከታተላለሁ። እንዲህ ስታዩአቸው የሆሊውድ ፊልሞች በተሠሩበት ዘመን የነበረው ሕዝብ እውነትን ከየት ይጠብቅ እንደነበር ይነግሯችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው «ዘ ዴይ ዘ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» ከሌላ ዓለም የመጣው እንግዳ ኃይሉን ለማሳየት በመላው ዓለም ለግማሽ ሰዓት ኤሌክትሪክ ያቋርጣል፤ መልእክቱንም የሚያደርሰው ለተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ነው። እውነቱ ግልጽ ነበር፤ የሚያሳስበው ሰው ይሰማል ወይ የሚለው ብቻ ነበር።

ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ምክንያት በ1974 ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ፣ በ1978 በአሜሪካ ለዕይታ በበቃው «ካፕሪኮርን ዋን» ወደ ማርስ ሊጓዙ የነበሩ ሦስት ጠፈርተኞች መንኮራኩራቸው ጉድለት ስለተገኘበት ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው በምስጢር እንዲወርዱ ይደረግና፣ በረሃ ውስጥ በተዘጋጀ ስቱዲዮ ማርስን የረገጡ መስለው በቴሌቪዥን እንዲታዩ ይገደዳሉ። ባዶው መንኮራኩር ሲመለስ ሲቃጠል ግን እነርሱም በሕዝብ ፊት ሙታን ይሆናሉ። በመጨረሻ ከአሳዳጆቹ ያመለጠው ጠፈርተኛ በራሱ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ እየሮጠ ይደርሳል፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር የትኛው ችሎት አግኝቶ ያውቃል? ፊልሙ መንግሥትን ባያምንም፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» በሚለው ያምናል፤ ጋዜጠኛ ከደከመበት የተደበቀውን እውነት ያገኘዋል። (ዛሬ ይህንኑ ፊልም የጨረቃው ጉዞ ድራማ ለመሆኑ የሚጠቅሱ አሉ። የአፖሎ ጉዞዎች ያመጡት 382 ኪሎ ግራም የጨረቃ ድንጋይና አፈር፣ እዚያ ተተክለው እስካሁን የሌዘር ብርሃን የሚመልሱት መስተዋቶችም ግን ልብ ወለድ አይደሉም።)

በ1999 የወጣው «ማትሪክስ» ደግሞ ችሎቱን ራሱን አፈረሰው። የምታዩት፣ የምትዳስሱትና የምትቀምሱት ሁሉ በማሽን የተቀነባበረ ከሆነ ምስክር የሚቆምበት መሬት አይኖርም። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዋጠውን ሰው ከዚህ የማሽን ሕልም የሚያነቃውን ቀዩን ክኒን ነው፤ በኢንተርኔት ቀዩን ክኒን ውጫለሁ ማለት ሌላው ሁሉ ተኝቷል፣ የነቃሁት እኔ ነኝ ማለት ሆኗል። እባካችሁ ከዚህ ተጠንቀቁ። ጥርጣሬ የምርመራ መነሻ ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። በሥራ ዘመኔ የባላጋራውን ውሸት ስላጋለጠ ብቻ የራሱ ክስ የተረጋገጠለት የመሰለው ብዙ ደንበኛ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹም ተረትተዋል። እኔስ ከዚያ ፊልም ልብ እንድትሉት የምፈልገው ሳይፈር የተባለውን ሰው ነው። የሚበላው ሥጋ በእውኑ እንደሌለ እያወቀ፣ ጣዕሙን መርጦ ጓደኞቹን ይሸጣል። ዛሬ ምስሉ በኮምፒውተር የተፈበረከ መሆኑ ተነግሮት «ቢሆንም የልቤን ይናገራል» ብሎ ለሌላ የሚያጋራው ሰው ከሳይፈር በምን ይለያል?

ከሁሉም አስበልጬ የምወደው የ1997ቱን «ኮንታክት» ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ወደ ሩቅ ኮከቦች ተጉዛ እንደተመለሰች ትናገራለች፤ በምድር የነበሩት ካሜራዎች ግን የተሳፈረችበት ሉል በቅጽበት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲወድቅ ብቻ ነው ያሳዩት። አጣሪዎች ፊት ቀርባ ስትጠየቅ ማስረጃ እንደሌላት፣ ቅዠት ሊሆን እንደሚችልም ሳትሸሽ ታምናለች፤ ያየችውን ግን አትክድም። የሚያውቀውን ከሚያስረዳው ለይቶ የሚናገር እንዲህ ያለ ምስክር በችሎት ያጋጠመኝ በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ስትከራከሩ እርሷን አስቧት።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ታዲያ መቅረጫዋ 18 ሰዓት ገደማ የሚሆን ምስል የሌለው ባዶ ሿሿታ መቅዳቱን ሁለት ባለሥልጣናት ለብቻቸው ሲነጋገሩ ያሰማናል። ዳይሬክተሩ እኔ ብሆን ያንን ትዕይንት ቆርጬ አወጣው ነበር፤ ተመልካቹም እንደ አጣሪዎቹ በቃሏ ብቻ ለመፍረድ ይገደድ ነበር።